ከሃምሳ አለቃው እስከ ጄኔራሉ፦ ፈጠራ በጦር ክፍል ውስጥ የሚሰምረውና የሚከሽፈው የት ነው?

ዛሬ በዩክሬን ግንባር አንድ አዲስ የድሮን ዘዴ ወጥቶ ጠላት መላ እስኪያበጅለት የሚቆየው ቢበዛ ጥቂት ወራት ነው፤ አንዳንዴም ሳምንታት ብቻ። አንዱ ወገን ድሮኑን የሚመራበትን የሬዲዮ ሞገድ ሌላው ያፍነዋል። ያኛው ወደ ሌላ ሞገድ ይዞራል፤ ይኼኛው ማፈኛውን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደግሞ ከኋላቸው ቀጭን የፋይበር ኦፕቲክ ክር እየተረተሩ የሚበሩ ድሮኖች በብዛት ብቅ አሉ። ትእዛዙም ምስሉም የሚተላለፈው በክሩ ውስጥ ስለሆነ የሬዲዮ ማፈኛ አያቆማቸውም። ብዙ የተደከመበት መሣሪያ በአንድ ጊዜ በእነዚህ ድሮኖች ላይ አቅም አጣ፤ የስንቅና የጥይት መንገዶችን በመረብ መሸፈንም እየተስፋፋ መጣ።

ይህን ሩጫ የሚሮጡት ፋብሪካዎችና የምርምር ተቋማት ብቻ አይደሉም። ከግንባሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ ምድር ቤት ውስጥ በተከፈተ የብርጌድ ወርክሾፕ፣ አብራሪው፣ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻኑና ፈንጂ አዋቂው አንድ ጠረጴዛ ከበው ይሠራሉ። አብራሪው ትናንት ምስሉ የትኛው ጫካ ላይ እንደተቆረጠበት ይናገራል፤ ቴክኒሻኑ አንቴናውን ይቀይራል፤ ማታ ተሞክሮ ጠዋት ይበራል። በዚህ ምክንያት የዓለም ጦር ኃይሎች ሁሉ ስለ ፈጠራ ማውራት ጀምረዋል። ማዕከል ይከፈታል፣ ውድድር ይዘጋጃል፣ ሽልማት ይሰጣል።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንድ የተሳሳተ ግምት ያለ ይመስለኛል። ችግሩ ወታደሩ ሐሳብ ማጣቱ እንደሆነ፣ ስለዚህም ወታደሩን «ፈጣሪ» ማድረግ እንደሚያስፈልግ ተደርጎ ይቀርባል። የጦር ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ከችግሩ ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠ ሰው መላ አያጣም። የሚበዛው ሐሳብ የሚሞተው ቅብብሎሹ ላይ ነው፦ ካየው ወደሚሠራው፣ ከሠራው ማዘዝ ወደሚችለው፣ ከዚያም ወደ ጎን፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ሲተላለፍ። የቡድን ሥራ የምንለውም ከጓዱ አጥር አልፎ ይህን ሰንሰለት ሁሉ የሚመለከት ነው።

ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከኖርማንዲ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1944 ባሕሩን ተሻግረው የፈረንሳይን ምድር የረገጡት አሜሪካውያን ከዳርቻው ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ያልተዘጋጁበት ነገር ጠበቃቸው። በዚያ አገር የእርሻ ማሳ ከማሳ የሚለየው ለዘመናት በተከመረ ወፍራም የአፈር ግንብ ነው። ግንቡ ላይ ዛፍና ቁጥቋጦ በቅሎ ሥሩ አፈሩን ጠፍሮ ይዞታል። ታንክ ይህን ለመሻገር ሲወጣበት አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሣል፤ መድፉ ደመና ላይ ያነጣጥራል፤ ብረቱ ከሁሉ የሚሳሳበት ሆዱ ከወዲያ ማዶ ላደፈጠው የጀርመን ፀረ ታንክ ተኳሽ ይጋለጣል። በመግቢያ በሮቹ ልግባ ቢል ደግሞ በሮቹ ቀድመው ዒላማ ውስጥ ገብተዋል። እያንዳንዷ ማሳ እንደ አንድ ምሽግ በደም መያዝ ነበረባት።

መላው የመጣው ከ102ኛው የፈረሰኛ ቃኚ ሻለቃ ነው። እንደሚነገረው፣ ወታደሮቹ ስለ ግንቡ ሲወያዩ አንዱ «ለምን ታንኩ ፊት ላይ የመጋዝ ጥርስ አንገጥምለትም?» ይላል። አብዛኞቹ ሳቁ። ኩርቲስ ኩሊን የተባለ ሃምሳ አለቃ ግን አልሳቀም። ነገሩን ይዞ ሄደ፤ ከባልደረቦቹ ጋር ታንክ ፊት ላይ የብረት ጥርሶች አስበየደ። ብረቱ የተገኘው ከራሱ ከጠላት ነው። ጀርመኖች ወረራውን ለማገድ ባሕር ዳርቻው ላይ የተከሉት የብረት መሰናክል በየቦታው ተጥሎ ነበርና እሱን ቆርጠው ተጠቀሙበት። ጥርሶቹ የግንቡን ሥር ሲነክሱ የታንኩ አፍንጫ መነሣቱን ተወ፤ ታንኩ አፈሩን ገምሶ፣ መድፉን እንዳቀና በማዶ ወጣ።

ሐምሌ 14 ቀን የአሜሪካ 1ኛ ጦር አዛዥ ጄኔራል ኦማር ብራድሌይ ሙከራውን በዓይኑ እንዲያይ ተጠራ። አይቶ አላመነታም፤ ያለው በያጅና ያለው ብረት ሁሉ እዚህ ላይ እንዲውል አዘዘ። የጀርመንን መስመር ሰብሮ ለመውጣት የታቀደው የኮብራ ዘመቻ ሐምሌ 25 ሲጀመር ከ500 የሚበልጡ ጥርሶች ተሠርተው ነበር፤ በዘመቻው ከተሰለፉት የ1ኛው ጦር ታንኮች ከአምስቱ ሦስቱ ተገጥሞላቸዋል። ከሙከራው እስከ ዘመቻው ያለው ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ነው።

ጥርሱ ድሉን አመጣ ማለት ማጋነን ይሆናል። የጀርመንን መስመር የሰበረው ከሁሉ በላይ የአየር ድብደባውና የተከላካዮቹ መዳከም ነው። እኔን የሚገርመኝ የቅብብሎሹ ርዝመት ነው። ስሙ ብዙም የማይነሣ አንድ ወታደር ተናገረ። ሃምሳ አለቃ ሰማ። መካኒኮች ሠሩ። መኮንኖች ነገሩን «ከሥልጣናችን በላይ ነው» ብለው አላፈኑትም፤ ወደ ላይ አሻገሩት። ጄኔራሉ ሰው ልኮ ሪፖርት ከማስጻፍ ይልቅ ራሱ መጣ። ከዚያ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ በያጆች ቀንና ሌሊት ሠሩ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ጥርሱ አንድ ታንክ ላይ ቀርቶ የማስታወሻ ፎቶግራፍ ይሆን ነበር። ኩሊን በኋላ ምስጋናው ሁሉ ወደ እሱ ሲዞር የሐሳቡ ባለቤት ያ ወታደር መሆኑን ለማስረዳት እንደሞከረ ይነገራል፤ ዝናው ግን አንድ ጀግና ይፈልግ ነበርና ሰሚ አላገኘም። ይህም የራሱ ጉዳት አለው። ታሪኩን የአንድ ሰው ብልኀት አድርገን ስንተርከው ቀጣዩ አዛዥ ብልኅ ሰው ፍለጋ ይወጣል፤ መፈለግ የነበረበት ግን እንዲህ የሚቀባበል ክፍል ነው።

በተመሳሳይ ሳምንታት ሌሎች ክፍሎችም የየራሳቸውን የግንብ መውጊያ ይሞክሩ ነበር። እነዚያም በራሳቸው ሐሳብ አላጡም። የኩሊን ክፍል ሥራ ከሌሎቹ ሁሉ በፍጥነት የተዛመተው ትክክለኛው ሰው በትክክለኛው ጊዜ ስላየው ነው።

ሰንሰለቱ ሲበጠስስ? እ.ኤ.አ. በ1898 ፐርሲ ስኮት የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ሲላ በተባለችው መርከቡ ላይ የተኩስ ልምምድ ይከታተል ነበር። በዚያ ዘመን መርከብ በማዕበል ስትወዛወዝ መድፍ ተኳሹ ዒላማው ማነጣጠሪያው ፊት እስኪያልፍ ጠብቆ ይተኩሳል፤ አብዛኛው ጥይትም ባሕር ይገባል። ስኮት ግን አንዱ ተኳሽ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ እንደሚመታ አስተዋለ። ጠጋ ብሎ ሲያየው ሰውዬው ራሱም ልብ ሳይል የመድፉን ማንሻ መዘውር ከመርከቧ ውዝዋዜ ጋር እያስማማ ያዞራል። ስኮት ሁሉም ተኳሽ ይህን ማድረግ እንዲችል የመዘውሩን ጥርሶች ቀየረ፣ የማነጣጠሪያውን መነጽር አስተካከለ፣ መለማመጃ ሠራ። በተከታዩ ዓመት ሲላ ከ70 ጥይት 56ቱን ዒላማ ላይ አሳረፈች። ልብ ይባል፤ ስኮት ከወረቀት ላይ አልፈለሰፈም። የበታቹ የሚሠራውን ቆሞ አየ።

አሜሪካዊው ወጣት መኮንን ዊሊያም ሲምስ በ1900 ቻይና ባሕር ላይ ከስኮት ጋር ተገናኘ፤ ዘዴውን ተማረ፤ በራሱ መርከብ ሞከረው፤ ሠራም። ከዚያ ዋሽንግተን ወዳለው የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ጻፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ 13 ይፋዊ ሪፖርት ላከ። መጀመሪያ መልስ የሰጠው የለም። በኋላ የመጣው መልስ «መሣሪያችን ከእንግሊዝ አያንስም፤ ጉድለት ካለ የተኳሾቹ ሥልጠና ነው» የሚል ነበር። ዘዴው የማይቻል መሆኑንም «በሙከራ» አረጋገጡ፤ ሙከራውን ያደረጉት ግን ደረቅ መሬት ላይ በተተከለ መድፍ ነው። ባሕር ላይ የመርከቧ ውዝዋዜ ራሱ ተኳሹን እንደሚያግዘው የብስ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ነባሩን መሣሪያ የሠሩት እነሱ ስለሆኑ የሲምስን ሪፖርት የሚያነቡት እንደ ክስ ነበር።

ሲምስ በመጨረሻ ያደረገው ማንኛውም መኮንን ማዕረጉን ሊያጣበት የሚችል ነገር ነው፤ በ1901 በቀጥታ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጻፈ። ሩዝቬልት በ1902 አስጠራውና የባሕር ኃይሉ የተኩስ ልምምድ ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመው። ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። በ1899 አምስት የአሜሪካ መርከቦች ተራ በተራ ለ25 ደቂቃ ተኩሰው፣ 1,600 ያርድ ርቀት ላይ የቆመች አሮጌ መርከብ ላይ ያሳረፉት ሁለት ጥይት ነው፤ እሱም ሸራዋን ነው የመታው። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ርቀት አንድ ተኳሽ በአንድ ደቂቃ 15 ጊዜ ዒላማውን መታ።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የጽናት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። እኔ ግን የማነበው እንደ ውድቀት ነው። አንድ ጦር ኃይል ከመርከብ ላይ የተገኘ ጠቃሚ እውቀትን ለመቀበል የአገሪቱ መሪ ጣልቃ እንዲገባ ካስፈለገው፣ ፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ የማያነብ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ስንቱስ ሲምስ አራተኛው ሪፖርት ላይ ተስፋ ቆርጦ ብዕሩን አስቀምጧል?

መቶ ዓመት አልፎም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ታኅሣሥ 8 ቀን 2004 (እ.ኤ.አ.) ኩዌት ውስጥ ወደ ኢራቅ ለመዝመት የተዘጋጀ አንድ ተራ ወታደር፣ የወቅቱን የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ዶናልድ ራምስፌልድን በሕዝብ ፊት ጠየቀ፦ ለመኪኖቻችን መከለያ የሚሆን ብረትና የተሰነጣጠቀ ጥይት ተከላካይ መስታወት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የምንፈልገው ለምንድን ነው? አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ወታደሮች አጨበጨቡ። በየክፍሉ ያሉ በያጆች በራሳቸው መላ መኪና ሲከልሉ ቆይተዋል፤ ፈጠራው ነበረ። የጎደለው ያንን ፈጠራ እንደ አስቸኳይ መልእክት የሚያነብ ነው። ኢራቅ ውስጥ ያሉ የአሜሪካ ባሕር ወለድ (ማሪን) ክፍሎች በየካቲት 2005 መንገድ ላይ የሚቀበር ፈንጂን የሚቋቋሙ 1,169 መኪኖች በአስቸኳይ እንዲላኩላቸው በጽሑፍ ጠየቁ። ራምስፌልድን የተኩት ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ መርሐ ግብሩን ከሁሉ የሚቀድም የግዢ ጉዳይ ያደረጉት ግን በግንቦት 2007 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ በመንገድ ዳር ፈንጂ ስንት ወጣት እንደሞተና እግሩን እንዳጣ እያሰቡ ይህን በዕርጋታ ማንበብ ያስቸግራል።

ሰንሰለቱ መጀመሪያ የሚጠብቀው ወይም የሚላላው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው፦ የበታቹ መናገር ይችላል ወይ? እዚህ ላይ የወታደር ሕይወት ከሌላው ሥራ ይከብዳል። ትእዛዝ ያለ ክርክር የሚፈጸምበት ሰዓት አለ፤ የግድም ነው። ስለዚህ ክርክር የሚፈቀድበት ሰዓት ተለይቶ መታወቅ አለበት።

የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወለል ይህን በደንብ ያሳያል። እዚያ ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ልጆች ናቸው። ጄቶች ይነሣሉ፣ ያርፋሉ፣ ነዳጅና ቦምብ ይጫናል፤ ሁሉም በጠባብ ቦታ። በረራ ከመጀመሩ በፊት ማዕረግ ሳይለይ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ይራመዳል፤ ዓይን መሬት ላይ ነው። ብሎን፣ ሽቦ፣ የወደቀ ቁልፍ ይለቀማል፤ አንዲት ብሎን የጄት ሞተር ውስጥ ከገባች ሞተሩን ታፈራርሰዋለችና። ካርል ቪንሰን በተባለችው የአሜሪካ መርከብ ላይ የሆነውን ደግሞ የአደገኛ ሥራ ተመራማሪዎች ደጋግመው ይጠቅሱታል። አንድ ተራ ባሕረኛ የሥራ መሣሪያ እንደጠፋበት፣ ምናልባትም ወለሉ ላይ እንደጣለው ራሱ ሪፖርት አደረገ። አየር ላይ ያሉት አውሮፕላኖች በሙሉ የብስ ላይ ወዳሉ ማረፊያዎች እንዲዞሩ ተደረገ፤ ልምምዱ ቆመ፤ መሣሪያው ተፈልጎ ተገኘ። በማግስቱ አዛዡ መርከበኞቹን ወለሉ ላይ ሰብስቦ ያን ባሕረኛ በይፋ አመሰገነው።

ይህ ስለ ጥንቃቄ ብቻ የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን ጥፋቱን መናገር የሚችል ሰው ሐሳቡንም መናገር ይችላል። አንደኛውን የሚቀጣ ክፍል ሁለተኛውን አያገኝም። ያ ባሕረኛ ቢቀጣ ኖሮ የሚቀጥለው መሣሪያ የጠፋበት ልጅ ዝም ይላል፤ ዝምታውም በዚያ አይቆምም፤ መዘውሩን በተሻለ መንገድ እንደሚያዞር ያወቀው ተኳሽም ለማንም አይናገርም።

የአሜሪካ ምድር ጦር ይህን ንግግር ሥርዓት አድርጎ የያዘው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ በፎርት ኧርዊን በተከፈተው ብሔራዊ ማሠልጠኛ ነው። ከእያንዳንዱ የውጊያ ልምምድ በኋላ ተዋጊዎቹ ይሰበሰባሉ፤ ምን ለማድረግ አስበን ነበር፣ በእውነት የሆነው ምንድን ነው፣ ለምን፣ ቀጥሎስ ምን እናድርግ ይባላል። ሃምሳ አለቃው የሻለቃ አዛዡ ትእዛዝ ዘግይቶ እንደደረሰው በፊቱ ይናገራል። ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው በአዛዡ የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ላይ ነው። አዛዡ ከራሱ ስሕተት ከጀመረ ሌላው ይከተላል፤ ከሰበብ ከጀመረ ስብሰባው ሥነ ሥርዓት ሆኖ ይቀራል።

ሌላው በፍቅር የማነሣው ምሳሌ ሊቨርፑል ነው። በ1942 መጀመሪያ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝን የምግብና የነዳጅ መስመር ሊበጥሱ ደርሰው ነበር። በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ከባሕር አገልግሎት የተገለለው መኮንን ጊልበርት ሮበርትስ አንድ ትንሽ የታክቲክ ክፍል እንዲያቋቁም ታዘዘ። የተሰጡት ረዳቶች በአብዛኛው ከሴቶች ባሕር ኃይል አገልግሎት የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ባሕር ላይ ተዋግተው አያውቁም። ክፍሉ የአንድ ሰፊ አዳራሽን ወለል ባሕር አደረገው፤ መርከቦቹን በሞዴል፣ መንገዳቸውን በጠመኔ አሰመሩ። የአጃቢ መርከብ አዛዥ ሆኖ የሚጫወተው መኮንን ከሸራ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ያያል፤ ሌሊት ባሕር ላይ ከሚያየው በላይ እንዳያይ።

ይህን እየደጋገሙ ሲጫወቱ ሰርጓጆቹ ከሩቅ ይተኩሳሉ የሚለው እምነት ከመርከቦቹ አሰማመጥ ጋር እንደማይገጥም ታያቸው። ሰርጓጁ በሌሊት ከኋላ በውኃው ገጽ መጥቶ መርከቦቹ መካከል ገብቶ ነው የሚተኩሰው። ሮበርትስም ጂን ሌድሎና ጃኔት ኦኬል ከመሳሰሉ ረዳቶቹ ጋር ሆኖ መልሱን አዘጋጀ። የአጃቢ መርከቦቹ ዕዝ አዛዥ አድሚራል ፐርሲ ኖብል መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር፤ ጨዋታውን ካዩ በኋላ ግን ዘዴው ለአጃቢ መርከቦች እንዲሰራጭ አደረጉ። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ ወደ 5,000 የሚጠጉ መኮንኖች በዚያ ወለል ላይ ሠልጥነዋል። የጭነት መርከቦችን አጅቦ የመጣ ካፒቴን የሃያ ዓመት ልጅ «ጌታዬ፣ እዚህ ጋ ቢዞሩ ይሻላል» ስትለው የሚሰማበት ክፍል በዚያ ዘመን መፈጠሩ ራሱ ትልቁ ፈጠራ ነበር እላለሁ። ከባሕር የተመለሱት መኮንኖች ያዩትን ያመጣሉ፤ ክፍሉ ይፈትሸዋል፤ ቀጣዮቹ ይዘውት ይወጣሉ። ቅብብሎሹ የተሟላ ነው።

እስካሁን ስለ ቡድን መልካምነት ብቻ ተናገርኩ። ሌላም ገጽታ አለ፤ ሳይነሣ ቢቀር ጽሑፉ ሐሰት ይሆናል። ጓደኝነቱ የጠበቀ ክፍል ሁልጊዜ ጥሩ ክፍል አይደለም። ለሰላም ማስከበር ሶማሊያ የገባው የካናዳ አየር ወለድ ሬጅመንት በአገሩ የተመረጠና እርስ በርሱ እጅግ የተሳሰረ ኃይል ነበር። መጋቢት 16 ቀን 1993 (እ.ኤ.አ.) በለድወይኔ በሚገኘው ካምፕ ውስጥ ሺዳኔ አሮኔ የተባለ የ16 ዓመት ሶማሊያዊ ታዳጊ በወታደሮቹ ተሠቃይቶ ተገደለ። ጩኸቱን የሰሙ ነበሩ፤ ያስቆመው አልነበረም። በኋላ የተደረገው ምርመራ ያሳየው አንዱ ነገር፣ ጓደኛን አሳልፎ ያለመስጠት ስሜቱ ከሕግም ከኅሊናም በላይ የበረታ እንደነበር ነው። ሬጅመንቱ በ1995 ተበተነ።

ይህ ከፈጠራ ጋር ምን አገናኘው ለሚል፦ ያንን ልጅ እንዳያድኑት አፋቸውን የዘጋው ነገር አዲስ ሐሳብንም ይዘጋል። «እኛ እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚለው ኩራት፣ ከውጭ የመጣን ሰው መናቅ፣ ከቡድኑ የተለየ ቃል መናገርን እንደ ክህደት ማየት፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። የኩሊን ጓደኞች ሲስቁ እሱ አለመሳቁ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ አንድ አዛዥ ክፍሉ ምን ያህል እንደተሳሰረ ሲጠየቅ፣ በመካከላቸው የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ምን እንደሚገጥመው አብሮ ቢመልስ ጥሩ ነው።

ወደ ዛሬው እንመለስ። ዩክሬን ቅብብሎሹን ለማሳጠር ብዙ ሞክራለች። በ2014 በጎ ፈቃደኞች ያቋቋሙት ኤሮሮዝቪድካ የተባለ የድሮን ቃኚ ቡድን ቀድሞ ከመደበኛው አሠራር ውጪ የነበሩ መሐንዲሶችን ከተዋጊዎች ጋር አገናኘ። በሚያዝያ 2023 ብሬቭዋን የተባለው የመንግሥት መድረክ ተከፍቶ አምራቾችን፣ ገንዘብንና የጦር ክፍሎችን ማገናኘት ጀመረ። በ2024 ድሮኖች ራሳቸውን የቻሉ የጦር ኃይል ዘርፍ ሆኑ። ቀጥሎም ክፍሎች በቪዲዮ በተረጋገጠ ምት ነጥብ እያገኙ በነጥቡ የሚፈልጉትን ድሮን ከመድረኩ እንዲያዙ ተደረገ። በማዕከል ያለ ሹም ከሚመድብላቸው ይልቅ የሚዋጉበትን መሣሪያ ራሳቸው ይመርጣሉ።

አሜሪካም በ2024 የተወሰኑ ብርጌዶች አዳዲስ ድሮኖችንና የመገናኛ መሣሪያዎችን በልምምድና በምድብ ላይ እያሉ እንዲፈትሹና አደረጃጀታቸውንም በዚያው እንዲያስተካክሉ አድርጋለች። በሐምሌ 2025 ከመከላከያ ሚኒስቴሩ የወጣ መመሪያ ደግሞ ትናንሽ ድሮኖችን የመግዛትና የመሞከር ሥልጣን እስከ ኮሎኔል ደረጃ ወዳሉ አዛዦች አወረደ። ሲምስ ይህን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ሆኖም ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው የብዛት ጣጣ ነው። እያንዳንዱ ብርጌድ የራሱን ድሮን በራሱ ባትሪ፣ በራሱ አገናኝና በራሱ ፈንጂ ሲሠራ የመለዋወጫ አቅርቦቱ ይበጣጠሳል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የተዛወረ አብራሪም ከዜሮ ይጀምራል። ወርክሾፕ ውስጥ በእጅ የሚገጣጠም ፈንጂ ደግሞ በጣም አደገኛ ነገር ነው፤ ለሠሪውም። ስለዚህ በአንድ ወቅት ማዕከሉ «ከእነዚህ መካከል እነዚህን ሦስቱን እንይዛለን» ማለት አለበት። መቼ እንደሚል ነው ከባዱ። ቶሎ ካለ ገና ያልበሰለውን ያጸድቃል፤ ከዘገየ ምርት አያድግም። ለብራድሌይ አሥራ አንድ ቀን የበቃው ችግሩ አንድ ዓይነት ስለነበረና ግንቡ ስለማይለወጥ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ግን ይለወጣል፤ ስለዚህ ማዕከሉ የድሮኑን አካል፣ ባትሪና አገናኝ አንድ ዓይነት አድርጎ ሬዲዮውንና ሶፍትዌሩን ለክፍሎቹ ነፃ ቢተው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ወደ ጎን የሚሄደው መንገድ ነው። ከታች ወደ ላይ ያለው ቅብብሎሽ እየተስተካከለ ሲመጣ ከጎን ወደ ጎን ያለው ይረሳል። ነጥብ መሰብሰብ ክፍሎችን ያተጋል፤ ግን ነጥብ የሚያስገኝልኝን ዘዴ ለጎረቤት ብርጌድ ለምን እነግረዋለሁ? ፉክክሩ ምስጢረኛ ካደረጋቸው ጠላት አንዱን መላ ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል፤ መጀመሪያ ባላወቀው ክፍል ላይ፣ ቀጥሎ ነገሩ ባልተነገረው ላይ። እዚህ ላይ የጎን መንገድ ሳይታዘዝ የተከፈተበትን ምሳሌ ማስታወስ ይጠቅማል። በ2000 ጥቂት ወጣት የአሜሪካ መኮንኖች በትርፍ ጊዜያቸው የሻምበል አዛዦች ብቻ የሚመካከሩበት ድረ ገጽ ከፈቱ። አንዱ ስለ ተሽከርካሪ ጉዞ ጥበቃ ይጠይቃል፤ ሌላ አገር ያለ ሌላ ሻምበል ባለፈው ሳምንት የሆነበትን ይመልሳል። አለቃ አልመራውም፤ መመሪያ አላወጣውም። ኋላ ላይ ጦሩ ጥቅሙን አይቶ በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሥር እንዲቀጥል አደረገው።

ብርጌድ ከግንባር ወጥቶ ሌላ ብርጌድ ሲተካ የሚሆነውንም ማሰብ ነው። የወጣው ክፍል የትኛው ሸለቆ ውስጥ ምስል እንደሚጠፋ፣ ጠላት ማፈኛውን ስንት ሰዓት እንደሚከፍት፣ የትኛው አንቴና እንደሚያዋጣ ያውቃል። ይህ እውቀት በአብዛኛው የተጻፈ አይደለም፤ በሦስት አራት ሰዎች ጭንቅላትና በአንድ የስልክ ቡድን ውስጥ ያለ ነው። ርክክቡ ላይ የሚፈረመው ስለ ጥይት፣ ስለ ተሽከርካሪና ስለ ምሽግ ነው። ከወጪው ክፍል አንድ አብራሪና አንድ ቴክኒሻን ለሁለት ሳምንት ከገቢው ጋር እንዲቆዩ ማዘዝ ብዙ ወጪ የለውም። አዛዡ ለማዕረግ ዕድገት ሲገመገምም ስንት ዒላማ እንደመታ ከሚቀርበው ጥያቄ አጠገብ፣ ከክፍሉ የወጣ ምን ነገር ሌላ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ እንደዋለ የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ቅጹ ላይ ለእሱ የሚሆን ቦታ አለ።